ስድስት ዓመት እናቴን አስታመምኩ፤ አሁን ለምን እንደምነሣ ጠፋኝ

የቆጪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። 39 ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። እናቴን ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ ስድስት ዓመት ተኛች። ንግግሯም አብሮ ሄደ። የቀረላት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እሺ»። ሲርባትም እሺ፣ ሲያማትም እሺ፣ ስትቆጣም እሺ። የትኛው እሺ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በሁለተኛው ወር ሥራዬን ለቀቅኩ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ፈቃድ ጠይቄ ተከለከልኩና ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን የምታዘው እሷ ሆነች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ አገላብጣታለሁ። 12 ሰዓት ላይ የደም ግፊት ክኒኗን ፈጭቼ በማንኪያ። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ አለዚያ ጀርባ ይቆስላል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዋ አልቆሰለም። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ልጻፈው።

ጥቅምት ላይ ዐረፈች። ሰልስቱም አርባውም ወጣ። ድንኳኑ ሲነሣ ሁሉም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «እሷም ዐረፈች፣ አንቺም ዐረፍሽ።» በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ቃል የጎዳኝ የለም። እኔ መቼ ልረፍ አልኩ? አሁንም ሌሊት 11 ሰዓት ዐይኔ ይከፈታል። ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። የማገላብጠው ሰው የለም።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? በእነዚያ ስድስት ዓመታት «የምኖረው ለምንድን ነው?» ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ደክሞኛል፣ አልቅሻለሁ፣ ፈጣሪንም አማርሬያለሁ። ያ ጥያቄ ግን አልመጣብኝም። አሁን ጊዜው ሲተርፈኝ መጣና ከቤት አልወጣም አለ።

ጓሯችን ውስጥ ስምንት እግር ቡና አለ። እናቴ የተከለችው እኔ ሳልወለድ ነው። ዘንድሮ አልለቀምኩትም። እዚያው ዛፉ ላይ ደርቆ ጀንፈል ሆኗል፤ ጥቁር፣ ጭብጥ ያለ፣ ሲነኩት የሚረግፍ። በመስኮት እያየሁት እውላለሁ።

የምትኖሩለት ነገር ያለቀባችሁ አላችሁ? ምን አደረጋችሁ? «ጸልዪ» ብቻ ብላችሁ አትለፉኝ፤ እየጸለይኩ ነው።

መንገደኛ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ሥራ ፈልጊ። ሰውን የሚጨርሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። እኔ ከሥራ ስቀነስ እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ባጃጅ መንዳት ስጀምር ለቀቀኝ።

ነርስ ነኝ፦

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። መጀመሪያ ስለ ጀርባዋ ልናገር። በፈረቃ እየተቀያየርን፣ ባለሙያ ሆነን፣ በሦስት ሳምንት የሚቆስልብን ሕመምተኛ አለ። አንቺ ብቻሽን ስድስት ዓመት! ሌላው ሰው ባይገባው እኛ ሙያው ላይ ያለነው ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ስለ ጥያቄሽ ደግሞ፦ ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፤ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ናዚዎች ከነቤተሰቡ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ወሰዱት። አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አለቁ፤ እሱ ተረፈ። የሕክምና ዘዴውን ያቆመው ሰው ትርጉም ፈላጊ ነው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ትርጉም በሦስት መንገድ ይገኛል ይላል፦ በምንሠራው፣ በምንወደው፣ ማምለጥ የማንችለውን መከራ በምንቀበልበት አኳኋን።

አንድ ቀን ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ሐኪም መጣበት። ሐዘኑ ሁለት ዓመት አልለቀቀውም። ፍራንክል አልመከረውም፤ ጠየቀው እንጂ። «አንተ ቀድመሃት ብትሞት ኖሮ እሷ ምን ትሆን ነበር?» ሽማግሌው በጣም ትሠቃይ ነበር አለ። ያንን ሥቃይ አንተ ተሸከምክላት ማለት ነው አለው። ሽማግሌው እጁን ጨብጦት ወጣ። እኔ ይኼን ለአስታማሚዎች ብዙ ጊዜ እነግራለሁ።

የቆጪዋ፦

ይኼንን ሌሊት ሳብሰለስለው አደርኩ። እውነትሽን ነው። በእነዚያ ዓመታት ትልቁ ፍርሃቴ እኔ ቀድሜያት መሞት ነበር። መንገድ ስሻገር ባጃጅ ሲመጣ ልቤ ይከዳኝ ነበር፤ ለራሴ አልነበረም። ማን እሺዋን ይረዳላታል እያልኩ ነው። ስለዚህ ስላለፈው እፎይ አልኩ፤ አመሰግንሻለሁ። የነገውን ግን አልመለሰልኝም። ነገም 11 ሰዓት እነሣለሁ።

የጂረኑ፦

ልጄ፣ አላህ ያጽናሽ። እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። ሙስሊም ነኝና ከእምነቴ ልንገርሽ። ቁርኣን፣ ሱረቱ ዛሪያት ላይ፣ አላህ ጂንንም ሰውንም የፈጠረው እንዲያመልኩት መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ዓላማን እኛ አንሠራውም፤ ተሰጥቶን ነው የምንወለደው። ከነርሷ ልጄ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። የምንኖርለት ነገር በሰው ሞት አያልቅም። ያለቀው አንቺ በተራሽ የሠራሽው ሥራ ነው፤ እሱም ዒባዳ፣ ማለትም አምልኮ፣ ነበር።

ሌላም ልንገርሽ። ባለቤቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት ቡና ሲቀዳ ሁለት ስኒ ነበር የማስቀምጠው። ልጆቼ አባባ እየሳተ ነው አሉ። አልሳትኩም፤ እጄ ገና አልሰማም ነበር። የአንቺም እጅ ገና አልሰማም። ከጥቅምት ወዲህ አራት ወር እንኳ አልሞላም። ሐዘንን ዓላማ ከማጣት ጋር አትደባልቂው፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ምንም ባልገዛ ገበያ እወጣ ነበር። ሰው «እንዴት አደርክ» ሲለኝ መልስ መስጠት አለብኝ። በዚያ ነው ቀስ በቀስ የተመለስኩት።

የአጋሮ ገበሬ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ስለ ሕይወት ከላይ ያሉት ተናግረዋል፣ እኔ አልጨምርም። እኔን ያሳሰበኝ ቡናው ነው።

መጀመሪያ ጀንፈሉን ልቀሚ። ዛፍ ላይ የቀረ ፍሬ የተባይ ቤት ይሆናል፤ ለከርሞው ፍሬ ይተላለፋል። መሬት የወደቀውንም አንሺ። ጥራቱ ቢቀንስም ይጠጣል፣ እንዳትጥዪው።

ሁለተኛ፣ አንቺ ሳትወለጂ ከተተከለ አርጅቷልና መጎንደል አለበት። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ ለቀማው አልቆ ዝናቡ ሳይገባ። ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ሰያፍ አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ፤ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ዝናብ ይተኛበትና ጉቶው ይበሰብሳል። ዝናብ ሲያገኝ ዙሪያውን ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ጠንካሮቹን ሁለት ሦስት ትተሽ ሌላውን ገና ለጋ ሳለ ታነሺዋለሽ። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት ያፈራል።

አደራ፣ ስምንቱንም ባንድ ዓመት እንዳትቆርጪ። ዘንድሮ ሦስት፣ ከርሞ ሦስት፣ በሦስተኛው ዓመት ሁለት። ጓሮው ባንዴ ራቁቱን አይቀርም፤ ቤትሽም ቡና አያጣም።

የቆጪዋ፦

ትናንት ለቀምኩት። ከስምንቱም እግር ተሰብስቦ አንድ ሰፌድ አልሞላም። በሙቀጫ ፈትጌ ሳነፍሰው ገለባው ፀጉሬ ላይ ተበተነ። ሽታው የእናቴ ነጠላ ሽታ ነው፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ቆላሁት። ጎረቤቴ ጭሱን አይታ ሳልጠራት መጣች። ጥቅምት ላይ እንግዳው ከተበተነ ወዲህ ቤቴ ቡና ሲፈላ የመጀመሪያው ነው። በረካውን ጠጥታ እስክትወጣ መሽቶ ነበር።

አባባ፣ ስለ እጄ ያሉኝን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ዛሬም 11 ሰዓት ነቃሁ። ግን ወጥቼ ሦስቱን ዛፎች መረጥኩና ክር አሰርኩባቸው። በአጥሩ በኩል ያሉት ናቸው። አንደኛውን ለመቁረጥ አልጨከንኩም፤ እናቴ በበርጩማ ተቀምጣ የምትደገፈው እሱን ነበር። እሱ ለመጨረሻው ዓመት ይቆይ።

መጋዝ ግን የለኝም። በቆንጨራ ይሆናል?

የአጋሮ ገበሬ፦

በቆንጨራ አይሆንም፣ ግንዱ ይሰነጠቃል። ሐሙስ ከባለቤቴ ጋር ጅማ ገበያ እንመጣለን። መጋዝ ይዘን ብቅ እንበል?

የቆጪዋ፦

እሺ።