«የፈለገ መጥቶ ይከተብ» ማለት አገልግሎት ነው?

የጅሬን ልጅ፦ የዕድር ስብሰባ ላይ የአረጋውያን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲነሳ አንድ የጤና ባለሙያ «ሲመጣ እናሳውቃለን፣ የፈለገ መጥቶ ይከተብ» ብሎ አለፈው። የፈለገ! ዱላ የምትደገፍ እናት በሐምሌ ዝናብ ባጃጅ ተኮናትራ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፋ፣ «ፍሪጁን የሚከፍተው ወጥቷል» ልትባል?

ፋርማሲስቱ፦ ወንድሜ፣ የሌለውን ከየት ያምጣ? የሳንባ ምች ክትባት በ2004፣ የሕፃናት ተቅማጥ መከላከያው ሮታ በ2006 ዓ.ም ወደ መደበኛው ፕሮግራም ሲገቡ ለድሃ አገሮች ክትባት የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት ጋቪ ደግፎ ነው። ለአረጋውያን ኢንፍሉዌንዛ እንዲህ ያለ ደጋፊ የለም። ኩፍኝ ያልተከተበ ሕፃን እያለ በጀቱን ማዞር አይዋጥልኝም።

ነርስ ከቆጪ፦ ሕፃኑንና አያቱን ለምን ታጋጫላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸውንና ጤና ባለሙያዎችን ነው በቅድሚያ ያስቀመጠው። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ለመድኃኒት በቀጠሮ ይመጣሉ፤ ካርዳቸውም እዚያው ነው። ካርዱ ከዋዜማው ሲወጣ 65 ዓመት ያለፈው ላይ ምልክት ይደረግ። ግፊት የምትለካው ነርስ እዚያው ወንበር ላይ 0.5 ሚሊ ሊትር ትስጥ። «ክትባት ክፍል ሂዱ» ከተባሉ ብዙዎቹ በዚያው ወደ ቤታቸው ነው።

ፋርማሲስቱ፦ ክትትል ክፍል ፍሪጅ አለ?

ነርስ ከቆጪ፦ ካሪየር፣ ማለትም የክትባት መያዣ ሣጥን ይበቃል። የሚያበላሸው አይስ ፓኩን (ማቀዝቀዣ ጥቅሉን) ከፍሪዘር አውጥቶ ወዲያው መክተት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በረዶ ከሠራ ብልሽቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። አይስ ፓኩ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ውጭ ይቆይ። በረዶ ሠርቶ እንደነበር የሚለየው የነቅንቆ ማየት ፈተናም አሉሚኒየም ላላቸው ክትባቶች እንጂ ለዚህ አይሠራም። በረዶ ሠርቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ይጣል።

መምህር ከሰጦ ሰመሮ፦ ሰው የሚፈራው ሌላ ነው፤ «ተከትቤ ጉንፋን ያዘኝ» ይላል።

ነርስ ከቆጪ፦ ጋሼ፣ በመርፌ የሚሰጠው ቫይረስ የሞተ ነው፤ በሽታውን አያስይዝም። መከላከያው እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ ሌሎች የጉንፋን ቫይረሶችንም አይነካም። ይህ ከመርፌው በፊት ይነገራቸው። ክንዳቸው የከሳ ስለሆነ ከትከሻ አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ተብሎ ይወጋ፤ ከፍ ካለ መገጣጠሚያውን ይጎዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ቀጭን መርፌ፣ ከዚያ ሳያሹ ሁለት ደቂቃ መጫን።

ፋርማሲስቱ፦ መደበኛው ዶዝ ለአረጋዊ ይደክማል። አሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከምትመርጣቸው አንዱ በአንድ የቫይረስ ዝርያ 60 ማይክሮ ግራም የቫይረሱ ፕሮቲን ያለው ነው፤ መደበኛው 15 ነው። ውዱን ልንገዛ?

የጅሬን ልጅ፦ ውዱ እስኪገኝ ርካሹም ይከለከሉ? ወደ «የፈለገ» ልመልሳችሁ። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት ቀንና ሰዓት ቀድሞ ከተያዘላቸው 45 በመቶ፣ ራሳችሁ ያዙ ከተባሉት 33 በመቶ ተከተቡ። ቀጠሮ መያዝ ብቻ!

መምህር ከሰጦ ሰመሮ፦ የአሜሪካ ደሞዝተኛ ለጅማ መርካቶ አዛውንት ማስረጃ አይሆንም። ቀጠሮም ያለ ፈቃድ እንዳይሆን። የኮቪድ ክትባት በ2013 ዓ.ም ሲጀመር ሰው የሸሸው በችኮላ ስለተነገረው ነው።

የጅሬን ልጅ፦ እምቢ ማለት የሚቻልበት ቀጠሮ ማስገደድ አይደለም፣ ጋሼ!

ፋርማሲስቱ፦ በየዓመቱ ከሚታደሰው የክትባት ቀመር የትኛውን እንደምናዝ የመለሰልኝ የለም። ለሰሜኑ የምድር ክፍል በየካቲት፣ ለደቡቡ በመስከረም ይመረጣል፤ እኛ ደግሞ የምድር ወገብ አካባቢ ነን፣ ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። የተረፈው ለከርሞ አይሆንም። ስንት አረጋዊ እንዳለ ሳይታወቅ መግዛት ገንዘብ መድፋት ነው።

ነርስ ከቆጪ፦ ቁጥሩ ከክትትል መዝገቡ ይውጣ። ዕድሜና የሚቀጥለው ቀጠሮ ተጽፏል፤ መዝገቡን የሚቆጥር ሰው ይመደብ።

ፋርማሲስቱ፦ ክትትል የሌለው አረጋዊስ?

የጅሬን ልጅ፦ ዕድሩ ዝርዝር አለው።

መምህር ከሰጦ ሰመሮ፦ የዕድር መዝገብ ውስጥ ዕድሜ የለም፣ ልጄ።