የሕጻናት ጥያቄ ከቃለ ጉባኤ ወደ በጀት እንዴት ይሻገር?

በመንደር ልማት ዕቅድ ኮሚቴ ውስጥ እሠራለሁ። የተፈቀደልን ገንዘብ እንደወትሮው ለመንገድና ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ሊውል ነው፤ ጎልተው የሚታዩ ግንባታዎች ሁልጊዜ ድምፅ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕጻናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ሕጻናት በሚመለከቷቸው ጉዳዮች ሁሉ ሐሳባቸው እንዲደመጥ ስለሚደነግግ፣ ልጆቹን ለብቻቸው ሰብስበን የመንደሩን ካርታ አሣልናቸው። ልጃገረዶቹ ወደ ውሃ መቅጃው የሚወስደውን ጨለማ መንገድ በቀይ አከበቡት፤ ትንንሾቹ ደግሞ የቧንቧው መክፈቻ ከቁመታቸው በላይ መሆኑን ነገሩን፣ ይህንን ከአዋቂዎቹ መካከል ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ሆኖም ጉባኤው ሐሳቡን አመስግኖ በቃለ ጉባኤ ከማስፈር በቀር ወጪ አልተመነለትም፣ ኃላፊም አልተመደበለትም፤ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ከበጀቱ ለሕጻናት የተለየ ድርሻ ወይም አስገዳጅ የቅድሚያ መስፈርት ማስወሰን የቻላችሁ ካላችሁ፣ ጉባኤውን ያሳመናችሁት በምን መንገድ ነው?