«የቁራሌው ብረት» ቅርስ አይሆንም? የአቃቂው ጭስ ማውጫ ክርክር

የአቃቂ ልጅ፦ ትናንት የሰፈር ስብሰባ ላይ የተዘጋው የብረት ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይፍረስ ወይስ ይቆይ እየተባለ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ «ቁራሌው ያመጣውን ብረት ለማሞቅ የቆመ ጡብ ቅርስ አይባልም» አለ። እሱ ቢል አይገርመኝም፤ የከነከነኝ ጭብጨባው ነው። አባቴ 22 ዓመት እዚያ ምድጃ አፍ ላይ ቆሟል። ከጉጠት ያመለጠ የጋለ ብረት ግራ ክንዱ ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም እንደ ገመድ ተጠምጥሞ አለ። ፊቱ ላይ እንዲህ የሚባለው ምን አድርጎ ነው?

ማለዳ፦ አባትህን አከብራለሁ። እኔ ግን የምፈራው ለልጄ ነው። ክረምት ላይ ሁለት ጡብ ወርዶ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ አረፈ። ጡቡን አቅፈው የያዙት የብረት ቀለበቶች ዝገው አንዱ ተበጥሷል። ሰው ከሞተ በኋላ ነው የምንነጋገረው?

ገላን ማዶ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። ብረት ሠራ የሚባለው ከድንጋዩ ያወጣ ነው። ወለጋ ቢቂላል የብረት ማዕድን አለ። አቃቂ ግን ያ ድንጋይ ቀልጦ አያውቅም። የብረት ታሪክ የፈለገ ደብረ ታቦር አጠገብ ገፋት ይሂድ። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው።

ባለወናፍ፦ ወንድሜ፣ ሴባስቶፖል እኮ ነሐስ ነው! ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ነሐስ፣ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት የተጎተተ። ገፋትን እኔም እወዳለሁ፤ ግን የብረት ማስረጃ አድርገህ ስትጠራው አስተውል።

ገላን ማዶ፦ እሺ፣ ነሐስ ይሁን። ቁም ነገሩ አይለወጥም። ውራጅ ማጋል ብረት ማውጣት አይደለም።

ባለወናፍ፦ ይለወጣል እንጂ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበር። ያለቀ ማረሻ ይመጣለታል፣ ወናፉን ነፍቶ ያግላል፣ ቀጥቅጦ አዲስ ጫፍ ያወጣለታል። በዚያ ማረሻ ያረሰ ሁሉ በልቷል። «ይህ ውራጅ ነው» ያለው ገበሬ አልነበረም። «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ያለው ግን ሞልቷል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት ለዚህ ነበር። «ቁራሌው ያመጣው» ስትል የሰማሁት ያንኑ አፍ ነው።

ገላን ማዶ፦ ይህን አልቀበልም። ማንንም አልሰደብኩም። ቁራሌው ላቡን አፍስሶ የሚበላ ሰው ነው፤ ቃሉ ስድብ የሆነው አንተ ጆሮ ውስጥ ነው።

የአቃቂ ልጅ፦ ስድብ ካልሆነ ለምን ማፍረሻ ምክንያት አደረግከው? ቁራሌው ሰብስቦ ካመጣው አባቴ ፌሮ አወጣ። የዚህ ከተማ ስንቱ ኮለን ውስጥ የእሱ ፌሮ አለ!

ጋሽ ፌሮ፦ ልጆቼ፣ እዚያ ስለሠራሁ ትንሽ ልናገር። ጭስ ማውጫው የማቅለጫ አይደለም፣ የማጋያ ምድጃ ነው። ብረት የሚቀልጠው 1538 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ወደ 1200 አድርሰን ነበር የምናወጣው። ቀዩ ገና ነው። ብርቱካን ሲመስልም ትጠብቃለህ። ወደ ቢጫ ሲነጣ ጉጠቱን ይዘህ ትቀርባለህ። ከዚያ ሮለሩ ውስጥ እየተመላለሰ ይቀጥናል። የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሳይቀር በእጄ ፌሮ ሆኗል። ጭስ ማውጫው የረዘመው ደግሞ ለጭሱ ብቻ አይደለም። ትኩሱ አየር ሽቅብ ሲወጣ ከሥር አዲስ አየር ይስባል፣ እሳቱ ይተነፍሳል። ባለወናፍ፣ የአያትህ ወናፍ ማለት ነው፤ የሚነፋው ሰው ብቻ የለም።

ባለወናፍ፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ይህን ሳላውቅ ነው በሥሩ ሳልፍ የኖርኩት።

ገላን ማዶ፦ ጋሼ ራሳቸው «ማጋያ ነው» አሉ። እኔ ምን አልኩ?

የአቃቂ ልጅ፦ የጋሼን ቃል አታጣምም!

ሰነድ ወዳድ፦ ሕጉ እኮ ማቅለጥና ማጋል ብሎ አይለይም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ይላል። ጀርመን ፎልክሊንገን የሚባል የብረት ፋብሪካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሥራ አቆመ፣ በ1994 ዩኔስኮ መዘገበው። ስምንት ዓመት ብቻ! እኛ ፒያሳን በ2016 ካፈረስን በኋላ ነው ፎቶ ፍለጋ የገባነው።

ገላን ማዶ፦ አዋጁን ጨርሰህ ጥቀስ። ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሆን አለበት ይላል። ፎልክሊንገን ደግሞ ማዕድን ነው ያቀለጠው። እኔን ነው የደገፍከው።

ማለዳ፦ ስለ ጀርመን ስታወሩ ሜዳው ዛሬም አልታጠረም። ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ቀለበቶቹ ተቀይረው ይቆም ይሆን?

ጋሽ ፌሮ፦ ይቆማል፣ ልጄ። የላይኛው ሁለት ሜትር ግን መውረድ አለበት፤ ጭቃው ተበልቷል።

የአቃቂ ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ጡብ ከወረደ ሁሉም ይወርዳል፤ የዚህን አገር ማፍረስ ያውቁታል።

ማለዳ፦ እና የልጄ ጭንቅላት ላይ ይውረድ?

ገላን ማዶ፦ እኔም ከጅምሩ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው።

ባለወናፍ፦ የለም፣ አንተ ከጅምሩ ያልከው «ቁራሌው» ነው።