«ይንቀኛል» ብለው የጻፉ ሁለት ባላንጣ ልጆች፦ ምክራችሁን እሻለሁ

የቅዳሜዋ አስጠኚ (ጥያቄ)

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ በሚገኝ አንድ የወጣት ማእከል ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ወንዶች ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ አስጠናለሁ። ማእከሉ የቆመው በሁለት መንደሮች ድንበር ላይ ነው። በአንድ በኩል በግንብ የታጠረና በሩ ላይ ጥበቃ የማይጠፋበት የሪል ስቴት ግቢ አለ፤ በሌላው በኩል በመልሶ ማልማት ከመሀል ከተማ የተነሡ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች አሉ። የኳስ ሜዳው ግን አንድ ብቻ ነው። ልጆቹ በደኅናው ቀን «የግቢ ልጆች» እና «የብሎክ ልጆች» ይባባላሉ፤ ሲከፋ ደግሞ «ሞልቃቃ» እና «ዱርዬ» ይሆናል።

ከአንድ ወር በፊት አንድ የግቢ ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ የነበረ የብሎክ ልጅ እግር ረገጠ። የተረገጠው ነጭ ስኒከር ነው፤ አሮጌ ቢሆንም በዚያው ጠዋት ታጥቦ፣ ክሩ ሳይቀር ተፈትቶ በሳሙና ተፈትጎ የደረቀ ነበር። ረጋጩ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንደሚለው መርገጡንም አላወቀም። ተረጋጩ ተነሥቶ በቴስታ መታውና የፊት ጥርሱን ሰበረው። ሁለቱም 16 ዓመታቸው ነው። የተመታው ልጅ አባት በግማሽ ሰዓት ውስጥ መኪናቸውን አስነሥተው ደረሱ፤ የመታው ልጅ እናት ግን ጉልት ላይ ስለነበሩና ስልካቸው ስለተዘጋ ልጃቸው ያደረው ጣቢያ ነው።

ነገሩ በሽማግሌ ከረገበ በኋላ ሁለቱንም ለየብቻ አስቀምጬ «ያ ልጅ አንተን እንዴት ያይሃል?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ አስጻፍኋቸው። የብሎኩ ልጅ «ይንቀኛል፤ ምንም እንደማላደርገው ያውቃል፤ ስለዚህ አይፈራኝም» አለ። የግቢው ልጅ ደግሞ «ይንቀኛል፤ ብቻዬን መሆኔን ያውቃል፤ ስለዚህ አይፈራኝም» አለ። ሳይመካከሩ እንዲህ መግጠማቸው ደንቆኛል። ይህን እንዴት ልረዳው? ሁለቱን ጽሑፎች በመላው ክፍል ፊት ባነብስ ይጠቅም ይሆን?

የሥነ ልቦና አማካሪው ከሀዋሳ

መምህርት፣ ጥያቄውን የጠየቁበት መንገድ በራሱ ግማሽ ሥራ ነው። «ስለ እሱ ምን ታስባለህ?» ብለዋቸው ቢሆን ኖሮ ከስድብ ሌላ የሚያገኙት አልነበረም።

የጫማውን ጉዳይ ሳነብ ኬኔት ዶጅ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ትዝ አለኝ። ወንዶች ልጆች ገጣጥመው የሚሠሩት ሥዕል ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሥራቸውን ሌላ ልጅ እንዳፈረሰባቸው ይነገራቸዋል። አፍራሹ በክፋት እንዳደረገው ግልጽ ሲሆን፣ ወይም ሊረዳ ብሎ እንደተሳሳተ ግልጽ ሲሆን፣ ጠበኛ የሚባሉትም ሆኑ ያልሆኑት ልጆች ተመሳሳይ ምላሽ ነበራቸው። ልዩነቱ የታየው ሐሳቡ በውል ሳይታወቅ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ጠበኞቹ ሆን ተብሎ እንደተደረገባቸው ቆጥረው ተቆጡ። የእርስዎ ሜዳ ሐሳባቸው በማይታወቅ ድርጊቶች የተሞላ ነው፤ ያልተመለሰ ሰላምታ፣ ከመስኮት የወረደ ሳቅ፣ ሳይታይ የተረገጠ እግር ሁሉ ከዚያው ይቆጠራል።

አንዳንድ ሰው ምናልባት በ1954 እ.ኤ.አ. ሙዛፈር ሸሪፍ በኦክላሆማ ያካሄደውን ሙከራ ይጠቅስልዎ ይሆናል፤ 22 ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው በውድድር ሲፋጠጡ አንዱ የሌላውን ባንዲራ እስከማቃጠል ደርሰው፣ በኋላ የተበላሸ የውኃ መስመር በጋራ ሲፈልጉና የቆመ መኪና በጋራ ሲጎትቱ ጠባቸው በረደ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እነዚያ ልጆች ሆን ተብሎ በኑሮና በአስተዳደግ ተመሳሳይ እንዲሆኑ ተመርጠው ነበር። መኪናውን ጎትተው ሲጨርሱ ወደ ተመሳሳይ ቤት የሚመለሱ ልጆች ናቸው። የእርስዎዎቹ አንዱ ወደ ግንቡ፣ ሌላው ወደ አራተኛ ፎቅ ጀሪካን ተሸክሞ ይመለሳል። ስለዚህ የጋራ ሥራ ይስጧቸው፣ ተአምር ግን አይጠብቁ።

የድሮው የካዛንቺስ ልጅ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ካዛንቺስ ውስጥ በቀበሌ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ሀብታሙና ድኻው ለየብቻ ይሰፍራሉ። በእኛ ጊዜ ግን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነበር። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ተመደበ። እኛ የምንኖርበት ክፍል ቀድሞ የአጠገባችን ቪላ ሰርቪስ ቤት ነበር። እነሱ ጓዳቸውን አጡ፣ እኛ ቤት አገኘን፤ ማን የማንን እንደወሰደ ግን በልጅነታችን በሁለቱም በኩል የሚነገረን ለየቅል ነበር።

በ1986 ዓ.ም. 15 ዓመቴ ነበር። የጨርቅ ኳሳችን ግንቡን ተሻግሮ ቪላው ግቢ በወደቀ ቁጥር ዘበኛው በቢላዋ ቀዶ ይመልስልን ነበር። የቪላው ልጅ ያስቀደደው መስሎን «ማሙሽ» የሚል ስም አወጣንለት። አንድ ቀን ይኸው ማሙሽ በጓሮ በኩል ዘሎ መጣና ልጫወት አለን። ከዚያ ያደረገውን እስካሁን አልረሳውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የቆዳ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ጫማውንም በሹራቡ ሸፍኖ በባዶ እግሩ ገባ። እኛን ለመምሰል ነበር። እኛ ግን ያን ቀን ከምንጊዜውም በላይ ጠላነው፤ ከመካከላችን በባዶ እግሩ መጫወት የመረጠ ማንም አልነበረምና፣ ድኽነታችንን መጫወቻ ያደረገው መሰለን። በጠጠር ላይ እያነከሰ ሲሮጥ ሳቅንበት፤ ሁለተኛ አልመጣም።

ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ይህን ባነሣበት፣ ኳሱን የሚያስቀድዱት አባቱ እንደነበሩና እሱም የተቀደደ ኳስ ባየ ቁጥር ያለቅስ እንደነበር ነገረኝ። «ጫማዬን የሸፈንሁት እንዳትደብቁብኝ ፈርቼ የመሰላችሁ ነበር የመሰለኝ» አለኝ። እስቲ አስቡት፤ እኛ ስለ እሱ ያሰብነውን ሳይሆን ጨርሶ ያላሰብነውን ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያፍርበት ኖሯል።

ስለ ስምም አንድ ነገር ልበል። «ዱርዬ» የሰፈር ቃል ነው፤ በሌላ ቀን «አራዳ» ልትባል ስለምትችል ትቋቋመዋለህ። በ1996 ዓ.ም. ግን የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣና ስድቡ ማኅተም ያለው ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ «አደገኛ ቦዘኔ መጥቷል፣ እራት አቅርቡ» እያለ ያስቀን ነበር። ውሎ አድሮ ቀልዱን ተወው፤ ቃሉን ግን አልተወውም።

መምህርት፣ ጽሑፎቹን በክፍል ፊት እንዳያነቡ እለምንዎታለሁ። «ብቻዬን ነኝ» ያለው ልጅ በነጋታው ሜዳ ላይ በዚያችው ቃል ይጠራል።

በግቢ የምትኖር እናት

እኔም በእርስዎ አካባቢ ባይሆንም በእንዲህ ያለ ግቢ የምኖር እናት ነኝ፤ «ሞልቃቃ» የሚለው ቃል በተጻፈ ቁጥር የሚነካኝ ልጄን ነው። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ዱባይ ነው፤ እኔም የምገባው ከመሸ ነው። ልጄ ከሰው ጋር ተነጋገረ ከተባለ ከሾፌሩ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት የወሰደውን ነገር ስናውቅ ሐኪም ዘንድ ከርመናል፤ ዝርዝሩ ይቅርብኝ። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቆሞ ከአጥሩ ማዶ የሚጫወቱትን ልጆች እያየ «እነሱ እኮ አንዱ ሲነካ ዐሥር ሆነው ነው የሚመጡት» አለኝ። ክስ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ቅናት ነው።

የሥነ ልቦና አማካሪው ከሀዋሳ

እህቴ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ሱኒያ ሉታር የተባሉ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የባለጸጋ መንደር ወጣቶችን ከከተማ ድኾች ልጆች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በጭንቀትም ሆነ በአደንዛዥ ነገር የባሱት የባለጸጎቹ ልጆች ሆነው ተገኝተዋል። ይህ የብሎኩን ልጅ ችግር አያቀልለውም፤ የግቢው ልጅ «ምን ጎድሎት?» ተብሎ መታለፉ ግን ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

ጠበቃው

ስለ ስሜታቸው ብዙ ተብሏልና ስለ ጣቢያው ልጨምር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት በልዩ ሁኔታ የሚታየው ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ነው። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን በመደበኛው ድንጋጌ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ እንደ ሕፃን አይቆጠርም። ስለዚህ የ16 ዓመቱ ልጅ ሽማግሌ ባይደርስለት ኖሮ ነገሩ በአንድ ሌሊት አያበቃም ነበር። ሁለቱም «አይፈራኝም» ማለታቸው ያመሳስላቸዋል ብላችኋል፤ አያመሳስላቸውም። አንደኛው የሚፈራው ሜዳውን ነው፤ ሌላው ከሜዳው በኋላ የሚመጣውን። ይህን ልዩነት ልጆቹ ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል፤ «ምንም እንደማላደርገው ያውቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የሚናገረው ይህንኑ ነው።

የቅዳሜዋ አስጠኚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፎቹን አላነብም፤ ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ። የጠበቃውን ቃል ካነበብሁ በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ ደግሜ ሳያቸው፣ አንድ ዓይነት የመሰሉኝ በችኮላ ስላነበብኋቸው እንደሆነ ገባኝ።

የጋራ ሥራ ለተባለው፣ ዝናቡ ያፈረሰውን የሜዳውን ቦይ እንዲቆፍሩ ሰጥቻቸው ነበር። ከግቢው የመጡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ዶማውም የብሎክ ልጆች ያመጡት ነው፣ አያያዙንም ያሳዩት እነሱ ናቸው። ጥርሱ የተሰበረው ልጅ እስካሁን አልተመለሰም። የመታው ልጅ ትናንት ሥራው ካለቀ በኋላ ዶማውን እያጠበ ቆየና ወደ እኔ ሳያይ «ቲቸር፣ ጥርሱ ተተከለለት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገና ልመልስለት አፌን ስከፍት «ለነሱ ምን ቸገራቸው፣ የወርቅ ያስተክላሉ» አለና ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።