የጋራ ፕሮፖዛል፦ ቤታ ብሎከርና የአየር ቧንቧ ቁጡነት

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የረቂቁ ጥያቄ ለጊዜው «ቤታ ብሎከር (የአድሬናሊንን ሥራ የሚገታ የልብና የደም ግፊት መድኃኒት) የእንስሳትን የአየር ቧንቧ ቁጡ፣ ማለትም በትንሽ ነገር የሚጠብ፣ ያደርጋል ወይ?» የሚል ነው። እስቲ አስተያየት ጣሉበት።

ፋርማኮሎጂስቷ፦ እንዲህ ከጠየቅንማ መልሱ ድሮ የታወቀ ነው። የቧንቧው ጡንቻ ላይ ያለው ቤታ 2 ሪሴፕተር (አድሬናሊን የሚያርፍበት ተቀባይ) ሲዘጋ፣ አድሬናሊን ቧንቧውን የሚያላላበት መንገድ ይጠፋል። ፕሮፕራኖሎል የተባለው ቤታ ብሎከር የተሰጠው ጊኒ ፒግ፣ ቧንቧ በሚያጠበው ሂስታሚን በትንሹም ቢሆን ቧንቧው ይጨመደዳል። ይህንኑ ለመድገም እንስሳ መፍጀት ነውር ነው።

እኔን የሚያጓጓኝ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአይጥ ጥናት ነው። በኦቫልቡሚን (በእንቁላል ነጭ ፕሮቲን) አስም መሰል ሕመም የተፈጠረባቸው አይጦች ናቸው። ናዶሎል የተባለ ቤታ ብሎከር አንድ ዶዝ ሲሰጣቸው ባሰባቸው። 28 ቀን የወሰዱት ግን ቁጡነታቸው ቀነሰ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ውጤቱ ተገለበጠ! ጥያቄያችን ጊዜው ላይ ይሁን።

የእንስሳት ላብራቶሪ፦ እስማማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ28ኛው ቀን ስንለካ መድኃኒቱ ገና ደም ውስጥ ነው ወይስ ወጥቷል? ይህን ካልለየን ውጤቱን መተርጎም አንችልም። ግማሾቹ የመጨረሻውን ዶዝ በወሰዱ ማግስት፣ ግማሾቹ ከቀናት በኋላ ይለኩ።

ደግሞ እባካችሁ፣ አይጧን ሳጥን ውስጥ ከትቶ የአተነፋፈሷን ቅርጽ ብቻ ማየት ይቅር። ያ ቁጥር ስንቱን አሳስቷል። ማደንዘዣ ሰጥተን፣ ትራኪያ (ዋናው የአየር ቧንቧ) ውስጥ ቱቦ አስገብተን፣ ቧንቧ የሚያጠበውን ሜታኮሊን ደረጃ በደረጃ እየጨመርን የቧንቧውን መጥበብ በቀጥታ እንለካ።

ፋርማኮሎጂስቷ፦ ጥሩ ብለሃል። አቴኖሎልም ይጨመር። እሱም ቤታ ብሎከር ነው፣ ግን በአብዛኛው የልቡን ሪሴፕተር፣ ቤታ 1ን ነው የሚዘጋው። የልብ ምትም ይመዝገብ፤ ካልቀነሰ መድኃኒቱ አልደረሰም ማለት ነው።

ስታቲስቲክስ፦ ሲሪንጆቹ በኮድ ይሁኑ። የሚለካው ሰው ማን ምን እንደወሰደ አይወቅ። እንስሳቱም በዕጣ ይመደቡ። የቡድኑን ብዛት ከሙከራው በፊት አሰላለሁ።

ሐኪሙ፦ መግቢያው ላይ «ለአስም አዲስ ሕክምና» የምትለዋን ሐረግ አውጧት። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሙከራ ፕሮፕራኖሎል የአስም ሕሙማንን ቁጡነት አልቀነሰም። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዘን እዚች ጋ ነው።

አስተባባሪ፦ ወጥታለች። ርዕሱም «አንድ ዶዝ ወይስ 28 ቀን?» ሆኗል። የመለኪያውን ክፍል ላብራቶሪው፣ የዶዙን ፋርማኮሎጂስቷ እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። ጊኒ ፒግ ለሁለተኛ ዙር ይቆይ፣ ሁለቱን ባንዴ አንችለውም።