ብሩ ለሁለት ሰው ነው፤ ወንዶቹ ይቅደሙ?

ጠያቂዋ (ሐዋሳ፣ አቶቴ)፦ ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። አባታችን በ44 ዓመቱ፣ ወንድሙ በ47 በትልቁ አንጀት ካንሰር አረፉ። ሐኪሙ በዘር የሚተላለፈውን፣ ለአንጀትና ለማህፀን ካንሰር የሚያጋልጠውን ሊንች ሲንድረም ጠርጥሯል። አራት ነን፦ ሁለት ወንድሞቼ፣ እህቴና እኔ። ዘመድ ያዋጣው ብር ለሁለት ሰው ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ለማየት) ብቻ ይበቃል። አጎቶቼ «ወንድ ላይ ይበረታል፣ ወንዶቹ ይቅደሙ» ይላሉ። እናንተስ?

የታቦር ልጅ፦ ከሜዳ ተነስተው አላሉም። ሊንችን ከሚያመጡት አንዱ፣ ኤምኤልኤች1 የሚባለው ጂን ሲበላሽ እስከ 75 ዓመት በአንጀት ካንሰር የሚያዙት ወንዶች ወደ 57 በመቶ፣ ሴቶች ወደ 48 ናቸው። ብር ካነሰ ቁጥር ይፍረድ።

ሲስተር፦ ግማሹን ነው ያነሳኸው ወንድሜ። 48 የሆነችውን «አንቺ ቆይ» ልትላት ነው? ሴቷ ማህፀንም አላት። በዚያው ጂን የማህፀን ካንሰሩ ወደ 37 በመቶ ይደርሳል። ኤምኤስኤች6 የሚባለው ሌላው የሊንች ጂን ከሆነ ደግሞ የወንድና የሴት የአንጀቱ ልዩነት ይጠፋል፣ ማህፀኑ ይብሳል። የነሱ የትኛው እንደሆነ መች ታወቀ?

ጋሼ፦ እኔ የማውቀው ሴት የእናቷን፣ ወንድ የአባቱን በሽታ እንደሚወርስ ነው።

ሲስተር፦ የለም ጋሼ። ጂኑ ፆታ አይመርጥም፣ ለአራቱም ሃምሳ ሃምሳ ነው። በ1895 ለአሜሪካዊው ዶክተር ዋርቲን «ቤተሰቤ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር ያልቃል፣ እኔም እንደዛው» ያለችው ልብስ ሰፊ ሴት ነበረች። የሞተችውም በማህፀን ካንሰር ነው። እሱ ዘሯን ተከታትሎ በ1913 ጻፈው።

የታቦር ልጅ፦ ይሁን፤ ግን ኮሎኖስኮፒ ማህፀን አያይም። ብሩ የተዋጣው ለአንጀት ነው።

የአሞራ ገደሏ፦ ኧረ ወንዶቹስ ይሄዳሉ? የኔው ሰውዬ ሰገራው ላይ ደም እያየ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ፌጦ ሲውጥ ከረመ!

ጠያቂዋ፦ ወንድሞቼ 24 እና 29 ናቸው፣ ደህና ናቸው። እህቴ 38 ናት። ደም ማነስ ተብላ የብረት ኪኒን ትወስዳለች። የወር አበባ ስለሚበዛባት ነው ተባለ።

ሲስተር፦ ይሄን መጀመሪያ በጻፍሽው! የአንጀት ካንሰርም ሳይታይ እየደማ ደም ያሳንሳል። ወንድ ሲደማ ኪንታሮት፣ ሴት ደም ሲያንሳት የወር አበባ እየተባለ ነው ጊዜው የሚያልፈው። ነገ ዛሬ ሳትሉ እሷ ትቅደም፣ ማህፀኗም ይታይ። አባታችሁ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከነበር የፓቶሎጂው ናሙና (ለምርመራ የተወሰደው የዕጢው ቁራጭ) ይፈለግ። ከሱ ጂኑ ከታወቀ እናንተ በደም ትመረመራላችሁ፤ ያልወረሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላገላል፣ ብሩም ለሌላው ይተርፋል።

የታቦር ልጅ፦ በእሷ አልከራከርም። ሁለተኛው ግን የ29 ዓመቱ ይሁን።

ጠያቂዋ፦ እኔስ 33 ነኝ?