እናቴ በኮይል ታክማለች፤ ክትትሉ የግድ ነው?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ አኒዩሪዝም የሚባለው የደም ሥር እብጠት ተገኝቶባት ሕንድ ሄዳ በኮይል፣ ማለትም እብጠቱ ውስጥ በሚገባ ቀጭን የብረት ሽቦ ታከመች። 5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሳይፈነዳ ነው የተደረሰበት። ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ደህና ናት። አሁን የክትትል ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ ምስል) ቀጠሮዋ ደርሷል። እሷ ግን «ድኛለሁ፣ ምን ብር ታስወጣኛለህ» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ማሽኑ ብረቱን ይስበዋል» ብሎ አስፈራራት። የግፊት ክኒኗንም ትታዋለች። እብጠቱ ሊመለስ ይችላል? ኤምአርአይ ብትነሳስ ችግር አለው?

ራዲዮግራፈር (የምስል ማንሻ ባለሙያ)፣ አዲስ አበባ፦
አይዞህ፣ ኮይል የሚሠራው ከፕላቲነም ነው፤ ማግኔት አይስበውም። ግን ከመግባታቸው በፊት ለባለሙያው ንገሩ። ከሕክምናው በኋላ የተሰጣቸውን ካርድ ያዙ፤ ስቴንት (ደም ሥሩ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የወንፊት ቱቦ) አብሮ ገብቶ ከሆነ እዚያ ላይ ይጻፋል። «ሲቲ ስካን ይረክሳል» ብላችሁ እንዳትቀይሩት። ብረቱ ምስሉ ላይ ብልጭታ ስለሚፈጥር ዋናውን ቦታ ይሸፍነዋል። ማዘዣው የደም ሥር ኤምአርአይ፣ ማለትም ኤምአርኤ የሚል መሆኑንም እዩ። የድሮው ምስል ያለበትን ሲዲ አትርሱ። ካለፈው ጋር ካልተነጻጸረ ትንሽ ለውጥ ቶሎ አይታይም።

ሐኪም፦
ኮይል እብጠቱን ቆርጦ አያወጣም። ከብሽሽት ወይም ከእጅ በደም ሥር ተገብቶ ቀጭን ሽቦ እብጠቱ ውስጥ ይጠመጠማል፤ ደም ይረጋበትና ይዘጋል። ጥቅሉ ከጊዜ በኋላ ሊጠቀጠቅና የእብጠቱ አንገት (መግቢያው) ጋ ደም ተመልሶ ሊገባ ይችላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የካናዳ ጥናት ከተከታተላቸው እብጠቶች ሲሶ ያህሉ በተወሰነ ደረጃ ተከፍተው አግኝቷል። ደም የፈሰሳቸው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ይበልጥ የሚመለሱት 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ እንዲሁም ፈንድተው የታከሙት ናቸው። የእናትህ ከሁለቱም አይደለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እብጠቱ ቢከፈትም አያምም። «ደህና ነኝ» ማለታቸው ምስሉን አይተካም። ንጹሕ ሆኖ ከታየ የሚቀጥለው ቀጠሮ እየራቀ ይሄዳል።

ነርስ፣ ደብረ ሲና፦
እኔን ያስደነገጠኝ የክኒኑ ነገር ነው። ግፊት አያስታውቅም፤ ክኒን ያቆሙ እናቶች ወድቀው ሲመጡ እያየሁ ነው የምሠራው። ከፍ ያለ ግፊት ለሌላ አዲስ እብጠትም በር ይከፍታል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወስደህ አስለካቸው፣ ሐኪሙ ክኒኑን እንደገና ያስጀምራቸው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ታዞላቸው ከነበረ ደግሞ ያለ ሐኪም እንዳያቆሙ። ጾም ነው ካሉህ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ። የሚወስዱበትን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክላል። ድንገት መብረቅ የመሰለ ራስ ምታት ከማስታወክ ወይም ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ግን ጠዋት እስኪሆን አትጠብቅ፣ ሆስፒታል አድርሳቸው።

ታካሚ፣ ሸዋ ሮቢት፦
የእኔ ፈንድቶ ነው የተሠራው። እኔም በየጊዜው እነሳለሁ። መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ ጩኸቱ ያስፈራል፣ ጆሮ መድፈኛ ይሰጧችኋል። እናትህን ቀድመህ ንገራቸው፣ እንዳይደነግጡ። ስትነሱ አብረህ ግባ ካሉህ ቁልፍና ስልክህን ውጭ ተው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱ ከፓስፖርቷ ጋር ተገኘ፣ ስቴንት የለውም። ሲዲው ግን ጠፍቷል።

ራዲዮግራፈር፦
ለታከሙበት ሆስፒታል የካርድ ቁጥራቸውን ጠቅሰህ በኢሜይል ጻፍ፤ ምስሉን በሊንክ ሊልኩልህ ይችላሉ። ከቀጠሮው በፊት እንዲደርስ ዛሬውኑ ጻፍ።